የሮም ሜዳና የአባቴ ፈረስ

አክስቴ አየለች ቁጭ ብላ ተረት ስትነግረን አይቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነገረው እየተንጎራደዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከበሩ እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ በሩ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ፣ እሷም «ኤጭ!» እያለች መልሳ እየወረወረችው። ያኔ ከቦሌ አራብሳ ወዲህ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ብቻ በሚታይበት ቦታ፣ ቤታችንና ማሳችን ነበሩ፤ ከማሳው ወዲያ ደግሞ ሰፊው የፈረስ ሜዳ። መብራት በፈረቃ ነበር። የኛ ተራ ደርሶ ሲጠፋ እናቴ ፋኖሱን ታበራና ከሰሉ ላይ የበቆሎ እሸት ትደረድራለች፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነጋሽ ደግሞ መብራቱ እንዳይመለስ በሆዳችን እንጸልያለን። መብራት ከመጣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታላ! ቴሌቪዥን ከተከፈተ ደግሞ አክስቴ ትኮርፋለች።

አየለች የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሮም ለብዙ ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወደ አገሯ የገባችው እኔ ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ቆማ ስለሠራች ይሁን አላውቅም፣ መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላትም ነበር። እናቴ በርጩማ እየገፋችላት «እትዬ፣ ኧረ በሞቴ አረፍ ይበሉ» ትላታለች፤ እሷም ለይሉኝታ ያህል ጫፉን ነካ ታደርግና ወዲያው ብድግ። እኛን «አክስቴ አትበሉኝ፣ ዚያ በሉኝ። በጣሊያንኛ ያው አክስት ማለት ነው፣ ግን አያስረጅም» ብላን ስለነበር ዚያ ነበር የምንላት። እናቴ ይህ ስም አንድም ቀን አፏ ላይ ገብቶላት አያውቅም።

የጎረቤት ልጆች ማታ ማታ የጦጣና የቀበሮ ተረት ይሰማሉ፤ የኛ ቤት ተረት ግን ስለ ሮም የፈረስ ሜዳ ነበር። ዚያ እዚያ ታገለግላቸው የነበሩት ሴትዮ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ሲኞራ ነው የምትላቸው። እግራቸው አይሄድም። አመሻሽ ላይ በዊልቸር እየገፋች ወደ አንድ ሰፊ፣ ጎድጎድ ያለ የሣር ሜዳ ትወስዳቸው ነበር። «እኔ የሚታየኝ ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው ነው» ትለናለች። «ሲኞራ ሆዬ ጣታቸውን ቀስረው፣ አየለች፣ እዚህ ጋ ንጉሡ ይቀመጣል፣ እዚያ ጋ ፈረሶቹ ይወጣሉ ይሉኛል። ማዶና! እመቤቴ! ሴትዮዋ አበዱብኝ ብዬ ክው አልኩ!»

ከዚያ በኋላ ነው የጥንቱ ዘመን ተረት የሚጀምረው። ሜዳው ግራና ቀኙ ደረጃ፣ ደረጃው ላይ ሰው፣ ከሰው በላይ ደግሞ ሰው። «ከዚህ እስከ መገናኛ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ሰብስባችሁ ብታስቀምጡት ገና ቦታ ይተርፋል» ትላለች፤ እኛም እናምናታለን። ፈረሶቹ አራት አራት ሆነው ሁለት ጎማ ያላት ቀላል ጋሪ ይጎትታሉ። «ጋሪ ስላችሁ ደግሞ ያ ሲሚንቶ የሚጭነው እንዳይመስላችሁ! እፍ ቢሉባት የምትበር ናት።» ሹሙ ከላይ ነጭ ጨርቅ ሲጥል ሩጫው ይጀመራል። ዚያ እዚህ ላይ ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ላይ አንስታ ትይዛለች፣ ትይዛለች፣ እኔና ነጋሽ ትንፋሻችንን ውጠን እናያታለን፤ ልክ ስትለቀው ተያይዘን እንጮሃለን። እናቴ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ከብቱን አስደነበራችሁት!» ትላለች። የፋኖሱ ጭስ፣ የሚያረው በቆሎ፣ ግድግዳው ላይ የሚሮጠው የአክስቴ ትልቅ ጥላ፣ ያኔ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ለኔ ሮም ማለት እነሱ ነበሩ።

ጋላቢዎቹ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለብሳሉ። ሕዝቡም በቀለም ተከፋፍሎ ይደባደባል። እኔ ሰማያዊ ሆንኩ፣ ነጋሽ አረንጓዴ ሆነ፤ ሳምንት ሙሉ ተኮራረፍን። ዚያ በዚህ ነገር በጣም ትናደድ ነበር። «ሰው ጋላቢውን አያውቀውም እኮ፣ ቀለሙን ነው የሚወደው!» ትላለች ከሰሉን በመቆስቆሻ እየወጋች። «ዛሬ ሰማያዊ ለብሶ ያጨበጨቡለትን ሰው፣ ነገ አረንጓዴ ለብሶ ሲመጣ እናቱን ይሰድቡለታል።» ነጋሽ «እንደ ኳስ!» ሲላት «አዎ፣ እንደ ኳስ በለኝ አንተ ጮሌ» ብላ ራሱን ትዳብሰዋለች።

ሌላ ምሽት ስለ ክቡ ትያትር ትነግረናለች፤ ፀሐይ ሲበረታ መርከበኞች ከላይ ሸራ ስለሚዘረጉበት፣ ከመሬት ስር አንበሳ በገመድ ተጎትቶ ብቅ ስለሚልበት፣ ደም እንዲመጥ አሸዋ ስለሚነሰነስበት። እናቴ «በስመ አብ ወወልድ! እትዬ፣ ልጆቹ ሌሊት ይቃዡብኛል» ትላለች፤ እሷ ራሷ ግን የበቆሎውን እሸት ማገላበጥ ረስታ አፏን ከፍታ ነው የምትሰማው። አንድ ጊዜ ዚያ የሮም ሰዎች የተቀናቃኛቸውን ፈረስ ስም በስስ የእርሳስ ብረት ላይ ጭረው፣ እግሩ እንዲሰበር ተራግመው መሬት ውስጥ ይቀብሩ እንደነበር ስትነግረን እናቴ ብድግ አለች። «ድግምት በሉኛ! እዚያም አለ?» ጓዳ ገብታ ጠበሉን አምጥታ በሩ ላይ፣ ከዚያ በረቱ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ፈረሳችን ላይ ረጨች። ፈረሱ አነጠሰ፣ እኛ በሳቅ ሞትን።

ፈረሳችን ቦራ ይባላል። ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ብቻ ነጭ አለበት። አባቴ ቱፋ ተብሎ ስም ቢወጣለትም በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ በኛ አገር የፈረሰኛ ወግ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራልና ሁሉም አባ ቦራ ነበር የሚለው። ለቅሶ ቤትም፣ ሰርግ ቤትም፣ ቀበሌ ሲሄድ እንኳ አባ ቦራ። በየዓመቱ የጥምቀት ማግስት፣ ታቦቱ ወደ ደብሩ ከገባ በኋላ የአካባቢው ፈረሰኞች ሜዳው ላይ ሽምጥ ይጋልቡ ነበር፤ አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ የቀረበት ዓመት የለም። ማታ ማታ ዚያ ስትንጎራደድ እሱ ጀርባውን ሰጥቶን ጥግ ላይ ኮርቻውን ይሰፋል፣ ልጓሙን በቅባት ያሻል። አንድም ቃል አይተነፍስም። የማይሰማ ይመስለን ነበር።

ያ ዓመት ግን አገሩ ሁሉ በአንድ እግሩ የቆመበት ዓመት ነበር። ገልባጭ መኪና ቀን ከሌት ያልፋል፤ አቧራው ወጥ ውስጥ ይገባል። ሰው ሲገናኝ «ደህና ዋላችሁ» ማለቱን ትቶ «እናንተስ መቼ ትነሳላችሁ?» ነበር የሚባባለው። የልማት ተነሺ የሚባል አዲስ ስም ወጣልን። ማሳችን ተለካ፣ ሜዳው ተለካ፣ በሜዳው በሦስት በኩል ፎቅ መብቀል ጀመረ። ለኛም ኮንዶሚኒየም እንደሚሰጠን ተነገረን። እናቴ ስለ ቧንቧው ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ አዘነች፣ ደግሞ ደስ አላት። እኔ ሌሊት እየባነንኩ ፎቅ ላይ የተኛሁ እየመሰለኝ የአልጋውን ጠርዝ አጥብቄ እይዝ ነበር። ፈረስ ደግሞ ደረጃ አይወጣ! ሌሎቹ ፈረሰኞች አንድ በአንድ ፈረሳቸውን ሸጡ። አባቴ ብቻ «ጥምቀትን ሳልጋልብ አልነሳም» አለ።

«ከማን ጋር ነው የምትጋልበው? ሰው የለ!» አለችው እናቴ።

«ብቻዬን።»

«ቦራ እኮ አርጅቷል። ሜዳውም ተቆፍሯል። ምነው፣ ልጆችህን ልታስለቅስ ነው?»

 በርግጥም ለፍሳሽ መስመር ተብሎ ሜዳውን በአንድ ጫፉ የሚያቋርጥ ሰፊ ቦይ ተቆፍሮ ነበር። እናቴ የፈራችው ያንን ቦይ ነው። አባቴን ታውቀዋለቻ! ሰው ካየው ወደ ኋላ አይልም።

በዚያው ሰሞን፣ ገና ጥምቀት ሳይደርስ፣ ዚያ አንድ ሌላ ተረት ነገረችን። የሮም ጋላቢዎች ልጓሙን በእጃቸው አይዙትም፣ ወገባቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ጋሪው ከተገለበጠ ፈረሶቹ ጎትተው እንዳይገድሏቸው መታጠቂያቸው ላይ ትንሽ ቢላ ይሸጉጣሉ፤ ቆርጠው ለማምለጥ። አንድ ስመ ጥር ጋላቢ ነበር፤ ጋሪው መታጠፊያው ላይ ተሰበረ። ቢላው እጁ ላይ ነበር። አልቆረጠም። ፈረሶቹ እየጎተቱት ሜዳውን ዞሩ።

«ለምንድነው ያልቆረጠው?» አለ ነጋሽ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

«ሕዝቡ እያየው ነበራ!» አለች ዚያ። ፋኖሱ አጠገብ ቆመች፤ ለአንድ አፍታ መንጎራደዷን ተወች። «ስሙን እየጠራ ይጮሃል ሕዝቡ። ያ ሁሉ ዓይን እያየው ቆርጦ አፈር ላይ ሊወድቅ? ሲኞራ ምን ይሉኛል መሰላችሁ፦ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ፊቱን ቢያዞርበት ኖሮ ይቆርጠው ነበር።»

ጥግ ላይ የአባቴ ወስፌ ቆመ። ከዚያ መብራት መጣ፣ ቴሌቪዥኑ ጮኸ፣ እኛም ተበታተንን።

የጥምቀት ማግስት ታቦቱ ከገባ በኋላ ከሰዓት ወደ ሜዳው ወረድን። ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል። ሠራተኞቹ ጥምቀትን አርፈው በዚያ ቀን ሥራ ገብተው ነበር፤ ግድግዳ ባልተሠራላቸው ፎቆች ላይ፣ በየሶሌታው ወለል ጫፍ እግራቸውን አንጠልጥለው ምሳቸውን ይበላሉ። በግራ ያለው ሳይት ሄልሜቱ ቢጫ ነው፣ የፊት ለፊቱ ሰማያዊ፣ የቀኙ ነጭ። ቀና ብዬ ሳይ ከፎቅ በላይ ፎቅ፣ ከሰው በላይ ሰው።  የአክስቴ ጥላ የሚሮጥበት ግድግዳ ተነስቶ ሜዳውን የከበበው መሰለኝ።

አባቴ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ቦራን በቀይ መርገፍ አስጊጦ ብቅ አለ። መጀመሪያ ዝግ ብሎ ዞረ። ከላይ አንድ ሰው አፏጨ፣ ሌላው አጨበጨበ። ሁለተኛውን ዙር ፈጠን አለ። ነጋሽ ምን እንደነካው እንጃ፣ ወደ ፎቁ አንጋጦ «አባ ቦራ ነው! የኔ አባት ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያማ ጉድ ፈላ! ቢጫዎቹ «አባ!» ሲሉ ሰማያዊዎቹ «ቦራ!» እያሉ ይቀበላሉ፣ ነጮቹ በብረት ብረት ይደበድባሉ። ከየት ከየት የመጡ ልጆች ናቸው፤ ያን ቀን የሚያስደስታቸው ነገር አግኝተው ነው እንጂ ክፋት አልነበረባቸውም። «ድገም! ድገም!»

አባቴ ደገመ። ፊቱን አየሁት፤ እንደዚያ ሲያበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ወንድ ሆኖ፣ ወጣት ሆኖ፣ አገሩ ሙሉ ሆኖለት ነበር። ዓይኑ ግን መንገዱ ላይ አልነበረም፣ ፎቁ ላይ ነበር። ቦራ አፉ በአረፋ ተሞልቷል፣ አንገቱ በላብ ረጥቧል፣ አንድ የኋላ እግሩ ሲያርፍ ሸብረክ ይላል። ከዚያ አንዱ ከላይ ሆኖ ወደ ቦዩ ጠቆመና «ዝለል!» አለ። አንድ ሰው ብቻ ነበር ያለው። ወዲያው ግን ፎቁ ሁሉ ተቀበለው፦ «ዝለል! ዝለል! ዝለል!»

አባቴ በወዲያኛው ጫፍ ዞረ። ልጓሙን ክንዱ ላይ ሲጠመጥም አየሁት።

እናቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና «ወይኔ አበሳዬ! ወይኔ ልጆቼ!» ትላለች። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፦ «አባዬ ቁረጠው! ቁረጠው!» ምን እንደምል እሱ እንደሚገባው እርግጠኛ ነበርኩ፤ ያን ምሽት ወስፌው ቆሞ ነበራ! ቦራ ሽምጥ እየጋለበ በፊታችን አለፈ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው ዓይኔን ሞላው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ቦራ ቦዩ አፍ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር፤ የፊት እግሮቹ አየር ላይ። አፈርና ድንጋይ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ከዚያ ወርዶ ቆመ። አባቴ አልወደቀም። ከፎቁ ወዲያው ፉጨቱና «ኡኡ!» የሚለው መጣ። «ፈሪ! ሽማግሌ!» አለ አንዱ። ቅድም ስሙን ሲጠራ የነበረው ያው ሰውዬ ይመስለኛል። አባቴ ከቦራ ወረደ፣ ልጓሙን ከክንዱ ፈታ፣ በዚያ ሁሉ ፉጨት መሃል እየመራው በእግሩ መጣ። እኛ ጋ ሲደርስ ላቡ ከዓይኑ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። «ወደ ቤት» አለ፤ ሄድን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከላምበረት ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ፣ ገጠር ያለ ዘመዳችን ቦራን ወሰደው። እዚያ በእርጅና ነው የሞተው። እኛም ሜዳው ዳር ከበቀሉት ፎቆች አንዱ ላይ ገባን። አባቴን ግን ደረጃው ላይ የሚያገኘው ሁሉ እስካሁን አባ ቦራ ነው የሚለው፤ ፈረስ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ «አባ ቦራ፣ ኳሳችንን ያቀብሉን» ይሉታል። ዚያ ከኛ ጋር ሁለት ክረምት ቆይታ አረፈች። በመጨረሻ ሰሞኗ እንኳ በረንዳው ላይ፣ ሁለት እርምጃ በማትሞላው በዚያች በረንዳ ላይ፣ ትንጎራደድ ነበር።

እኔ አባቴን ያተረፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት። ለማንም አልተናገርኩም፣ በሆዴ ግን ይህ ነገር ኩራቴ ነበር። ሰው በብዛት የተሰበሰበበት ቦታ እስከ ዛሬ አልወድም፤ ሰርግ ላይ ጭብጨባው ሲረዝም መውጫውን እፈልጋለሁ፣ የኳስ ማሳያ ቤት በር ላይ ሳልፍ እርምጃዬ ይፈጥናል። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ ሻማ አብርተን ተቀመጥን። ከታች ሜዳው በነበረበት ግቢ ልጆች ይጯጯሃሉ። ነገሩ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ስጮህ ሰምተኸኝ ነው አይደል የቆምከው?»

«መቼ?»

«ቦዩ ላይ። ቁረጠው ስልህ።»

ሳቀ። «አይ ጫልቱ! በዚያ ሁሉ ጩኸት? የገዛ ትንፋሼንም አልሰማሁ።»

 ያ ሁሉ ዓመት ታቅፌው የኖርኩት ነገር በአንድ ቃል ከእጄ ወደቀ። «ታዲያ ምን አቆመህ?» አልኩት፣ እንደ ልጅ እየተነጫነጭኩ።

አባቴ ሻማውን ከነፋሱ በመዳፉ ከለለ። 

«አየለች ናት» አለ። «ልዘል ስመጣ አየኋት። መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።»

«ዚያ? ቁጭ?»

«ቁጭ። አፈሩ ላይ፣ ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ እህቴ ቆርቆሮውን ታያለች። ታዲያ ለማን ብዬ ነው የምዘለው አልኩ።»

መብራት መጣ። በየፎቁ «ሆ!» ተባለ። አባቴ ሻማውን እፍ ብሎ አጠፋና ገባ፤ እኔ ግን በዚያችው በረንዳ ከጥግ እስከ ጥግ እየተንጎራደድኩ፣ ያን ቀን ዚያ የት ነበረች እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። እናቴን አስታውሳታለሁ፣ ነጋሽን አስታውሰዋለሁ፣ ሄልሜቶቹን በየቀለማቸው አስታውሳቸዋለሁ። ዚያን ግን አላየኋትም። ያን ቀን እኔም እንደ ሌላው ሕዝብ ሁሉ እሱን ነበር የማየው።